የሚነፋው ቤት፣ የራያ ንፋስና የልጆቻችን ክርን

በራያ ቆላ ማሽላው ታጭዶ፣ አገዳው ተነስቶ ማሳው ባዶውን ሲቀር የሚጀምር አንድ ነገር አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ከተራቆተው መሬት አቧራ ይነሳና እየተሽከረከረ ወደ ላይ ይመዘዛል። ከዞብል ተራሮች ግርጌ እስከ ሮቢትና ጎብዬ፣ ከሆርማት የአሸዋ ወለል እስከ ዋጃ ድረስ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደረቅ ቅጠልና ላስቲክ አንጠልጥሎ ሜዳውን ያቋርጣል፤ የላላ ቆርቆሮ ያገኘ እንደሆነ ይገነጥላል፤ ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል። ይህ አዙሪት የሚበረታበት የበጋ ወራት ገናና ጥምቀት የሚውሉበት፣ ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ሠርግ የሚበዛበትም ወራት ነው። ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ዘመድ የሰጣቸውን ብር በእጃቸው ይዘው ጨዋታ ፍለጋ ወደ ሜዳ የሚወጡት ያኔ ነው።

በዚህ ሜዳ ላይ አሁን አንድ አዲስ እንግዳ አለ። በአየር የሚነፋው፣ ከተሜው «ጃምፒንግ» የሚለው የመዝለያ ቤት ከአዲስ አበባ የገበያ ማዕከላትና ከልደት ድግሶች ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች እየወጣ ነው። ተጣጥፎ በአይሱዙ ጀርባ ይጫናል፤ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፤ ማሽኑ ሲነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ግንብና በር ያለው ቀይና ሰማያዊ ቤት ይሆናል። ለልጅ ከዚህ በላይ የሚያስደስት ነገር ማሰብ ይከብዳል። በዓውድማ ላይ ጭድ ክምር ውስጥ መዝለል ለለመዱ የራያ ልጆች ደስታው እንግዳ አይደለም። እንግዳው ነገር ንፋሱና ቤቱ አንድ ሜዳ ላይ መገናኘታቸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ቤቱ ይከልከል የሚል አይደለም። ሐሳቡ ይህ ነው፤ የመዝለያ ቤት ወደ እኛ ሲመጣ ፕላስቲኩና ማሽኑ መጥተዋል፤ በተፈጠረበት አገር በብዙ ልጆች አጥንትና ሕይወት የተገኘው የአጠቃቀም ልማድ ግን አብሮ አልተጫነም። ለራያዋ ቆቦ ከተማና ለአካባቢዋ ይህ ጉድለት ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚከፋበት ምክንያት አለ። አንዱ ንፋሱ ነው፤ ሌላው፣ እኔ እንደማምነው ዋነኛው፣ የተሰበረ የልጅ እጅ ሄዶ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ከዕቃው ራሱ እንጀምር። የመዝለያ ቤት የፈጠረው ጆን ስከርሎክ የሚባል የአሜሪካ ሉዊዚያና መሐንዲስ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ለቴኒስ ሜዳ የሚሆን በአየር የሚነፋ መሸፈኛ ሲሞክር ሠራተኞቹ ላዩ ላይ ወጥተው ሲዘሉ አየ፤ ሥራውም ከዚያ ወዲህ አቅጣጫ ለወጠ። ቤቱ እስከ ዛሬ አሠራሩ ያው ነው። አየሩ የታሸገ አይደለም፤ በስፌቱ በኩል ያለማቋረጥ ይወጣል፣ ነፊው ማሽን ያለማቋረጥ ይተካል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ በጨረሰ ቁጥር፣ አንድ ልጅ የማሽኑን ገመድ ረግጦ ከሶኬቱ በነቀለ ቁጥር ቤቱ ይተነፍሳል፤ ግድግዳው በልጆቹ ላይ ይተኛል። መብራት በማያስተማምንበት ከተማ ይህን የሚያውቅ፣ ከማሽኑ አጠገብ የማይለይና ልጆችን ቶሎ ማውጣት የሚችል አዋቂ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የአሠራሩ ባሕርይ ቅለቱ ነው። ቤቱ ግዙፍ ይመስላል እንጂ ውስጡ አየር ነው። እንደ ድንኳን፣ በመሬት ላይ የሚያቆመው ክብደቱ ሳይሆን ማሰሪያው ነው። አራት ሜትር ስፋትና ሦስት ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ንፋስ ፊት ለፊት ሲገጥመው የሚደርስበት ግፊት ወደ አንድ ኩንታል ይጠጋል። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ትንሽ ጠንከር አለ እንጂ» የሚባለው ንፋስ ከአንድ ኩንታል ወደ ሦስትና አራት ኩንታል የሚሻገረው በአንድ እስትንፋስ ነው፤ ከሥር ከገባ ደግሞ ቤቱን ከመግፋት አልፎ ያነሳዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ስሌት ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ታዝማኒያ፣ ዴቨንፖርት ከተማ በሚገኘው ሂልክረስት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የዓመቱን ትምህርት መዝጊያ ሲያከብሩ ድንገት አዙሪት ንፋስ የመዝለያ ቤቱን ከነልጆቹ አነሳው። ልጆቹ አሥር ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ቦታ ወደቁ። የ11 እና የ12 ዓመት ስድስት ልጆች ሞቱ፤ ሌሎች ሦስት ቆሰሉ። ከዚያ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በቻይና ሄናን ግዛት ዩቼንግ በምትባል የገጠር ወረዳ እንዲሁ አዙሪት የመዝለያ ቤት አንስቶ ሁለት ልጆች ሞተዋል፤ ሌሎችም ተጎድተዋል። በእንግሊዝ ሀርሎው ከተማ በ2008 ዓ.ም. በምዕራባውያኑ የትንሣኤ ሰሞን የሰባት ዓመት ልጅ ውስጡ እያለች ቤቱ ከማሰሪያው ተፈትቶ ቁልቁል ተንከባልሎ ሕይወቷ አልፏል።

የከባቢ አየር ተመራማሪዎቹ ጆን ኖክስና ቶማስ ጊል በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ከ2000 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት በዓለም ዙሪያ በንፋስ የተነሡ ወይም የተገለበጡ የመዝለያ ቤቶችን አደጋ ሰብስበው 132 አግኝተዋል፤ በእነዚህ አደጋዎች ቢያንስ 479 ሰዎች ተጎድተዋል፣ 28 ሞተዋል። አጥኚዎቹ ትኩረት የሰጡት ለማዕበል ብቻ አይደለም። ደመና በሌለበት፣ የአየር ትንበያው «ፀሐያማ» ባለበት ቀን የሚነሳው አዙሪትም ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። አዙሪት የሚወለደው ጥርት ባለ ሰማይ ሥር፣ ለስለስ ባለ ንፋስ፣ ፀሐይ ባጋለችው ደረቅና ባዶ መሬት ላይ ነው። መሬቱ የነካውን አየር ያሞቀዋል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲመዘዝ ዙሪያውን ያለው ይሳብና ይሽከረከራል። ይህን ያነበበ የቆቦ ሰው የጥርና የየካቲት ማሳውን ያስታውሳል።

የዴቨንፖርቱን አደጋ ተከትሎ በቤቱ ባለቤት ላይ ክስ ተመሥርቶ ነበር። አምራቹ ስምንት ችካል እንዲመታ ሲያዝዝ የተመታው አራት መሆኑ በችሎቱ ተሰማ። ይሁንና ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ዳኛው ተከሳሿን በነፃ አሰናበቱ። ተጨማሪ ጥንቃቄ ማድረግ ትችል ነበር፤ ነገር ግን አዙሪቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ስለነበር ጥንቃቄው ውጤቱን ባልለወጠው ነበር ነው የውሳኔው ፍሬ ነገር። የሀርሎው ግን ሌላ መንገድ ሄደ፤ ቤቱን ያቆሙት ሁለቱ ነጋዴዎች ቤቱን በሚገባ ባለማሰራቸውና የአየሩን ሁኔታ ባለመከታተላቸው በከባድ ቸልተኝነት ሞት በማድረስ ጥፋተኛ ተብለው በ2010 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ስናያቸው ወደ ራያ የሚመጣ አንድ ጥያቄ ይወጣል። በታዝማኒያ አረንጓዴ ሣር ላይ አዙሪት ያልታሰበ እንግዳ ሊሆን ይችላል። በቆቦ ሜዳ ላይ ግን «አላሰብኩትም» የሚል ማን ነው? የከተማው ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀውን ንፋስ የመዝለያ ቤቱ አከራይ አላወቅሁም ሊል አይችልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ሲተረጉም ሰውየው በዕድሜው፣ በልምዱ፣ በሥራው ሊያውቅ ይገባው የነበረውን አለማወቁንም ይጨምራል። በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት አካል መጉዳት በአንቀጽ 559 ያስጠይቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ኪሣራውን እንዲክስ ያስገድዳል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ ነገሩ ብዙ ጊዜ በሽማግሌ ይያዛል፣ «የእግዜር ቁጣ ነው» ተብሎ በይቅርታ ይዘጋል። እርቅ ክቡር ነገር ነው፤ ግን ችካሉን የሚያስመታ እርቅ አላየሁም። ሽማግሌዎቹ ቤተሰብ ከማስታረቅ ጋር ያ ቤት ሁለተኛ ሜዳ ላይ ሲቆም በምን እንደሚታሰር ቢጠይቁ ከማንም የበለጠ ይሰማሉ።

ማሰሪያውን በተመለከተ የአውሮፓ ደረጃ የሚለው ግልጽ ነው። አንድ የመዝለያ ቤት ቢያንስ ስድስት ማሰሪያ ይኖረዋል። ችካሉ ከ38 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ርዝመትና 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ሆኖ ወደ መሬት ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ አናቱ እግር እንዳይወጋ ይለሰልሳል። መሬቱ ችካል የማይቀበል ከሆነ፣ ለምሳሌ ኮብልስቶን ወይም ሲሚንቶ ላይ፣ በእያንዳንዱ ማሰሪያ 163 ኪሎ ግራም ክብደት ይንጠለጠላል። በእኛ ልክ ስንመነዝረው አንዱ ማሰሪያ ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ፣ ስድስቱ አንድ ላይ ወደ አሥር ኩንታል ይጠጋል ማለት ነው። አንድ ድንጋይ ላይ ገመድ ጠምዝዞ ማሰር፣ ከመኪና ጎማ ጋር ማያያዝ፣ ሁለት ጆንያ አሸዋ ማስደገፍ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ አይደለም።

መሬቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ያለው ዋልካ በክረምት ጭቃ ሆኖ ይጣበቃል፤ በበጋ ግን እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል፣ በስንጥቁ አጠገብ የተመታ ችካልም በጥቂት ንቅናቄ ይላላል። ከዞብልና ከምዕራቡ ተረተር የወረደው ጎርፍ ያስቀመጠው አሸዋም ችካል አይዝም። ስለዚህ ቤቱን የሚያቆም ሰው ችካሉን ከመታ በኋላ በሙሉ ክብደቱ ስቦ መሞከር፣ ጨዋታው እየቀጠለም እየዞረ ደጋግሞ መፈተሽ ይኖርበታል። ንፋስ መለኪያ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ዋጋውም ቤቱ ከተገዛበት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። መሣሪያው ለሌለው ደግሞ ዓይን አለ። አቧራና ወረቀት ከመሬት ተነስቶ መብረር ሲጀምር ንፋሱ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ደርሷል፤ ልጆችን ማውጣት የሚጀመረው ያኔ ነው። ቅጠል ያላቸው ትናንሽ ዛፎች ከነግንዳቸው መወዛወዝ ከጀመሩ ወሰኑ ላይ ተደርሷል፤ 38 ኪሎ ሜትር ካለፈ ቤቱ ባዶውን ሆኖ አየሩ መለቀቅ አለበት። አዙሪት ግን ከዚህም ፈጣን ነው፣ አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ለራያ ቆላ የምመክረው ከዚህ ጠንከር ይላል፤ በበጋ ወራት ከረፋድ በኋላ፣ ባዶ ማሳ በሚያዋስነው ገላጣ ሜዳ ላይ ቤቱ ጭራሽ አይቆም። ጠዋቱ ለጨዋታ ይበቃል። በአጥር የተከለለ፣ ዛፍ የከበበው ግቢ ከሰፊው ሜዳ ይመረጣል።

የከተማ አስተዳደሩ ንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ሲሰጥ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ስንት ማሰሪያ አለው? ችካሉ የት ነው? ማን ይቆጣጠረዋል? የአምራቹ መመሪያ በእጁ አለ? ቤቶቹ ያገለገሉ ሆነው ሲገቡ መመሪያው ብዙ ጊዜ ጠፍቶ፣ ማሰሪያው ተቆርጦ፣ ችካሉ ተሸጦ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሳይጠይቅ ማኅተም የሚያሳርፍ ቢሮ ማኅተሙን ያሳረፈው በልጆቹ ላይ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስለ ንፋስ ብዙ ተናገርኩ፤ ምክንያቱም የሚገድለው እሱ ነው። ነገር ግን የመዝለያ ቤት ብዙ ልጆችን የሚጎዳው ንፋስ በሌለበት፣ ማሰሪያው በጠነከረበት፣ ሁሉም ነገር ደህና በሚመስልበት ሰዓት ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የታተመ የሕፃናት ሕክምና ጥናት ከ1990 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት በዚያች አገር ከ64 ሺህ በላይ ልጆች ከመዝለያ ቤት ጋር በተያያዘ ጉዳት ድንገተኛ ክፍል መግባታቸውን ገምቷል። በ1995 እና በ2010 መካከል ቁጥሩ 15 እጥፍ አድጓል፤ በመጨረሻው ዓመት በየ46 ደቂቃው አንድ ልጅ ሐኪም ቤት ይገባ ነበር። ዋናው መንስኤ መውደቅ ነው፤ በቤቱ ውስጥ መውደቅ፣ ከበሩ ወደ ውጭ መውደቅ፣ ሌላ ልጅ ላይ መውደቅ። ከአራቱ ጉዳቶች ከአንድ በላይ የአጥንት ስብራት ነበር።

ስብራቱ የሚመጣበትን መንገድ አንድ ቅዳሜ ቆሞ ያየ ወላጅ ይረዳዋል። የ12 ዓመት ጎረምሳ ሲዘል ሥሩ ያለው ወለል ይጎደጉዳል፤ አጠገቡ ያለችው የአምስት ዓመት ልጅ በእሱ ዝላይ ምክንያት ሳታስበው ወደ ላይ ትስፈነጠራለች፣ ስታርፍ እጇን ዘርግታ ነው። ወይም ጎረምሳው ራሱ ይወድቅባታል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትንንሾቹ ለብቻቸው፣ ትልልቆቹ ለብቻቸው፣ በተራ፣ በቁጥር ተወስነው ይግቡ። ጫማ፣ ቀበቶ፣ የፀጉር ብረት፣ አምባር ይውለቅ። መገለባበጥ ይከልከል። የማይሆነው ለምንድን ነው? ክፍያው በልጅ ስለሆነ ነው። በበዓል ቀን ሰልፉ ረጅም ነው፣ ቀኑ አጭር ነው፣ ብሩ የሚቆጠረው በገቡት ልጆች ልክ ነው። በሩ ላይ የሚቆመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ልጅነቱን ያልጨረሰ፣ ሥራው ብር መቀበል ብቻ የሆነ ታዳጊ ነው። እሱን አልወቅሰውም። የቀጠረው ሰው ግን ከብር ተቀባዩ ሌላ፣ ዓይኑን ከልጆቹ የማያነሳ አንድ አዋቂ ማቆም ነበረበት፤ የአንድ ሰው የቀን አበል ከቤቱ ገቢ ላይ ሲነሳ ኪሣራ አይደለም። ወላጅም ሻይ ቤት ተቀምጦ «ውስጥ ናቸው» ብሎ የሚረጋጋበት ዕቃ አይደለም ይሄ።

ስለ ሙቀቱ ባጭሩ። በግንቦትና በሰኔ የቆቦ ቀትር ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ የቤቱ ውስጥ ከውጭው የበለጠ ይግላል፤ አየሩ በግድግዳ ታፍኗል፣ ልጆቹ ያለ ዕረፍት ይዘላሉ። ውኃ ማጠጣትና ዕረፍት መስጠት ግድ ነው። ቦታው ሲመረጥ ጥላ ይታሰብ።

«የጦርነት ልጆች ሆነው፣ ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ፣ አንተ ስለ ጃምፒንግ ታወራለህ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ አልሸሸውም። ቆቦ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በጦርነቱ ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆይታለች፤ በነሐሴ 2014 ዳግም ተይዛለች፤ በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ሰላሙ ብዙ ሳይቆይ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መልሶ ተኩስ ሰምታለች። ዛሬ አሥር ዓመት የሞላው የቆቦ ልጅ ከትንሽነቱ ጀምሮ የሚያስታውሰው ይህን ነው። ጦርነት ባለፈባቸው የአማራ፣ የአፋርና የትግራይ መሬቶች ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ በማሳና በወንዝ ዳር ቀርቷል፤ ዩኒሴፍና ቀይ መስቀል ልጆች እንዳይነኩት ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ የሚያብረቀርቅ ብረት አንስቶ የሚጫወተው መጫወቻ ስለሌለው ጭምር ነው። ስለዚህ በከተማው መካከል፣ በአዋቂ ዓይን ሥር፣ በታጠረ ቦታ ላይ የሚቆም የመዝለያ ቤት ለዚህ ልጅ ቅንጦት አይደለም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የልጅን የመጫወት መብት በስሙ ጠርቶ ጽፎታል። ልጆቻችን የሚገባቸውን ጨዋታ በደህና እንዲያገኙ መጠየቅ ሌላውን ጉዳታቸውን ማሳነስ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ወደ ክርኑ።

ልጅ ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል። ክብደቱ በተዘረጋው እጅ ላይ ሲያርፍ ከክርን ከፍ ብሎ ያለው የክንድ አጥንት፣ በልጅነት ስስ በሆነበት ቦታ፣ ይሰበራል። ይህ ስብራት በተለይ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተለመደ ነው፤ ከዛፍ፣ ከዥዋዥዌ፣ ከአህያ ጀርባ፣ ከመዝለያ ቤት በር ሲወድቁ። አደገኛ የሚያደርገው ጎረቤቱ ነው። ለእጅ ደም የሚያደርሰው ትልቁ የደም ሥርና ነርቮቹ በዚያው ስብራት ፊት ለፊት ያልፋሉ። የተሰበረው ጫፍ ሊወጋቸው ወይም ሊጫናቸው ይችላል፤ እብጠቱም በራሱ ክንዱ ውስጥ ያለውን ጡንቻ ከውስጥ ያንቀዋል። ደም ያጣ ጡንቻ ስድስት ሰዓት ገደማ ከቆየ በኋላ አይመለስም፤ ይሞታል፣ ይኮማተራል፣ ጣቶቹ እንደታጠፉ ይቀራሉ። የባሰበት ይበሰብሳል፤ እጁም ይቆረጣል።

በቆቦም ሆነ በገጠሩ የተሰበረ ልጅ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ይህን የምጽፈው ወጌሻን ለማንቋሸሽ አይደለም። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ሌሊትም ይመጣል፣ ክፍያው ቀላል ነው፣ ቋንቋው የቤት ነው፣ ብዙ ውልቃትና ቀላል ስብራትም አድኗል። ግን የክርኑ ስብራት እሱን የሚቀጣ ስብራት ነው። ያበጠውን ክንድ በቅቤ ያሸዋል፤ ማሸቱ እብጠቱን ይጨምራል። ከዚያ በቀርከሃ ዙሪያውን ያጥርና በጨርቅ አጥብቆ ያስረዋል፤ ማበጡን ያልጨረሰ ክንድ ወደ ውጭ መስፋት ሲያቅተው ወደ ውስጥ ይታነቃል። ልጁ ሌሊቱን ያለቅሳል፤ «አጥንቱ እየገጠመ ነው» ይባላል። በሦስተኛው ቀን ማልቀስ ያቆማል፤ «ተሻለው» ይባላል። ነርቩ ሞቶ ነው። የኢትዮጵያ የአጥንት ሐኪሞች ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ጽፈውታል፤ በወጌሻ እሥር ምክንያት የተቆረጡ የልጆች እጆች በሆስፒታሎቻችን የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ያልተለመዱ አይደሉም።

ነገር ግን ይኸው ታሪክ መልካም ምዕራፍ አለው፤ ብዙ ሰውም አያውቀውም። ኢትዮጵያዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም መኮንን እሸቴ በ2005 (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ ወጌሾችን ሰብስቦ አጭር ሥልጠና መስጠት በአካባቢው በእሥር ምክንያት የሚበሰብሱና የሚቆረጡ እጅና እግሮችን ቁጥር እንደቀነሰ አሳይተዋል። ትልቅ ማሽን አልተገዛም፤ ሕንፃ አልተሠራም። ወጌሾቹ ተከብረው ተጠሩ፤ ምን ማሰር እንደሌለባቸው፣ መቼ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለባቸው ተነገራቸው። በራያ ቆላ ይህን መድገም የሚከለክል ነገር የለም። በቆቦ ያለው ሆስፒታል፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና በየቀበሌው የሚታወቁት ወጌሾች አንድ ቀን አብረው ቢቀመጡ የመዝለያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን የዛፉም፣ የአህያውም፣ የባጃጁም ስብራት ይቀልላል።

ርቀቱን ማስታወስ ይገባል። ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደሴ ከዚያ ወዲያ 120 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች በጦርነቱ ዘመን ተዘርፈው ራጅና ቀዶ ሕክምና የሚሠሩበትን ዕቃ ያጡ፣ ቀስ በቀስ እንደገና የቆሙ ተቋማት ናቸው። መንገዱ በተዘጋባቸው ቀናት 50 ኪሎ ሜትር ከ500 ይርቃል። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ብዙ ጊዜ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሰዓት ቤት ውስጥ የሚደረገው ነገር ከሐኪሙ ችሎታ እኩል ይወስናል።

የሚደረገው ይህ ነው። የወደቀው ልጅ ክርኑ ካበጠ ወይም ቅርጹ ከተለወጠ አይጎተት፣ አይታሽ፣ አይቃና። አምባርና ቀለበት ካለ እጁ ሳያብጥ ይውለቅ። ክንዱ በተገኘበት አኳኋን፣ ለልጁ በሚመቸው መታጠፍ፣ በነጠላ ወይም በሻሽ አንገቱ ላይ ይንጠልጠል፤ ካርቶን ወይም የታጠፈ ፎጣ ከሥሩ ቢደገፍ ጥሩ ነው፤ ማሰሪያው ግን ጣት የሚያስገባ ላላ ያለ ይሁን። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል ሐኪም እስኪያየው ምግብ ባይበላ ይመረጣል። ከዚያ ጣቶቹን መመልከት ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ወላጅም ባጃጅ ነጂም ወጌሻም። ጣቶቹ ከሌላው እጅ ይልቅ ከነጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ፣ ሲነኩ ካልተሰማው፣ ወይም እናቱ ቀስ ብላ ጣቱን ስትዘረጋው በጩኸት ካነባ፣ ታስሮም ከሆነ እሥሩ በዚያው ቅጽበት ይፈታል፤ ነግቶ ገበያ ሲቆም ሳይሆን ያኔውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ መኪና ይፈለጋል።